ወጨጫ ላይ የተሸከምኩት ሻንጣ

እኛ ያለ ምክንያት ከቤት አንወጣም። ለቅሶ ካለ እንሄዳለን፤ ሠርግ ካለ ቀድመን እንገኛለን፤ ለጠበል፣ ለክስ፣ የታመመ ዘመድ ለመጠየቅ ሲሆን ደግሞ የሦስት ቀን የበቅሎ መንገድም አይታክተንም። ነገር ግን አንድ ጤነኛ ሰው ዘመድ በሌለበት አገር ተራራ ለማየት ብቻ ሄደ ቢባል ማን ያምናል? እናንተስ ታምናላችሁ? ተራራው እንደሆነ የትም አይሄድ፤ ትናንትም እዚያው ነበር።

እኔ ይህ ነገር የተጋባብኝ ከፈረንጅ ነው። በጃንሆይ ዘመን በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ፣ አለቃችን የነበረው ሰውዬ ቅዳሜ ቀትር ላይ ሥራ ሲዘጋ ሚስቱንና አንድ ቅርጫት በመኪናው ጭኖ ይጠፋል። ሰኞ ሲመጣ አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ፣ ፊቱ ግን ፈክቶ ይገባል። "ምን ስታደርጉ ከረማችሁ?" ስንለው "ምንም" ይለናል። ምንም ሳያደርጉ ለመመለስ ያን ያህል መንገድ መሄዱ መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን አስቀናኝ።

በዚያን ዓመት መስከረም ላይ ያነሣሣኝ ግን ቅናት ብቻ አልነበረም። በኮቴ የውስጥ ኪስ አንድ ደብዳቤ ነበር። ወደ ጎሬ ተዛውሬአለሁ፤ ጥቅምት ላይ ሥራ ልጀምር ታዝዣለሁ። ባለቤቴን እቴነሽን ካገባኋት ገና ሁለት ዓመቴ ነው። ጉለሌ አስተማሪ ናት፤ ተማሪዎቿን ትወዳለች፤ ቡራዩ የምትኖረውን ታላቅ እህቷን ደግሞ ከተማሪዎቿም፣ ሳልፈራ ልናገርና ከእኔም አብልጣ ትወዳለች። "ጎሬ እንሂድ" ብላት "መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ" ብላ ብቻዬን የምትሸኘኝ መሰለኝ። ይህን ፈርቼ ሦስት ሳምንት ደብዳቤውን በኪሴ ይዤ ዞርኩ። በመጨረሻ እንዲህ ያለ ወሬ የሚነገረው ውብ ቦታ ላይ ነው ብዬ ወሰንኩ። ውሃው ሲወርድ፣ ወፉ ሲንጫጫ፣ እሷም ልቧ ራርቶ ሳለ ቀስ ብዬ ጣል አደርገዋለሁ። ፈሪ ሰው ዕቅድ አያጣም።

ሱሉልታ ልውሰድሽ ብላት ሜዳው ገና ውሃ እንዳቆረ ነው አለችኝ። ቡራዩ ብላት እህቴን ለማየት ሽርሽር አያስፈልገኝም አለች። "ሰበታ ይሻላል" አለች። "ሰበታ አድረን ወጨጫን እንውጣ። ከላይ ሆነው ሲያዩ በወዲያኛው በኩል የገፈርሳ ውሃ ይታያል አሉ።" የምትፈልገውን የምታውቅ ሚስት በማግኘቴ ደስ አለኝ። ሻንጣውንም ራሷ አዘጋጅታ፣ ራሷ ቆልፋ፣ ቁልፉን በቦርሳዋ ያዘች። የእኔ ድርሻ መሸከም ነበር። ሲከብደኝ ጊዜ ስንቁን አብዝታዋለች ብዬ በሆዴ አመሰገንኳት።

ሰበታ አልጋ ያከራየችን ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አይታን "የማንን ለቅሶ ልትደርሱ ነው?" አለችን። ተራራ ልናይ ነው ስንላት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እግዜር ያጽናችሁ" አለች።

እሁድ ማለዳ ጫካው ውስጥ ስንገባ ጉሙ ገና አልተነሣም። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ማለዳ አይቻለሁ ብል እዋሻችኋለሁ። ግዙፎቹ ጥዶች ከወገባቸው በላይ በጉሙ ተውጠው ጫፋቸው አይታይም፤ ሽበት መስሎ ከቅርንጫፋቸው ከተንጠለጠለው የዛፍ ጢም ጠል ይንጠባጠባል፤ ከሩቅ ደግሞ የቅዳሴ ድምፅ አንዴ መጣሁ አንዴ ሄድኩ ይላል። ጉሬዛዎቹ ነጭ ካባቸውን እያርገበገቡ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲወረወሩ ቅርንጫፉ ብቻ ይወዛወዛል፤ እነሱን ለማየት ቀና ስንል የሉም። ወዲያው አንድ ፏፏቴ ጋ ደረስን። ትልቅ አይደለም፤ ግን ከጥቁሩ ዐለት ላይ እንደ ተፈታ ነጠላ ይወርዳል፤ ብናኙ ፊታችንን ያረጥበዋል። እቴነሽ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃው ውስጥ ከታ ተቀመጠች። ቀና ብላ አየችኝ። እስከ ዛሬ ያን አስተያየት አልረሳውም። ሰው በዚያ ሰዓት ምን ይላል? እኔ ደብዳቤውን በእጄ ዳሰስኩና "ውሃው ይቀዘቅዛል?" አልኳት።

"ይቀዘቅዛል" አለች፤ ጫማዋን አድርጋም ተነሣች።

ከዚያ በኋላ እሷ ከፊት፣ እኔ ሻንጣውን አንዴ በትከሻዬ አንዴ በጭንቅላቴ እያደረግኩ ከኋላ ሆንን። እሷ የሸራ ጫማ አድርጋለች፤ የእኔ የከተማ ጫማ ሶሉ ቆዳ ስለሆነ በየእርጥቡ ሣር ያንሸራትተኛል። እንዲህ እየሆንን ከጫካው ስንወጣ አንድ ወይራ ሥር ሦስት ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አርፈው አገኘን።

"አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ" አሉን በመካከል የተቀመጡት። ኦቦ ቱሉ ይባላሉ፤ ከጫካው ጥግ የሚያርሱ ገበሬ መሆናቸውን በኋላ ሰማን። "ታኣ፣ ተቀመጡ ልጆቼ።"

"እግዜር ይስጥልን አባቴ፤ ተራራውን ልንወጣ ነው" አልኩ።

"ተራራው ይቆያል። ጠባችሁ ምንድን ነው?"

"ኧረ እኛ አልተጣላንም።"

"ሁሉም መጀመሪያ እንዲያ ነው የሚለው" አሉ ከጎናቸው ያሉት፣ ለኦቦ ቱሉ እንጂ ለእኔ ሳይሆን።

ኦቦ ቱሉ በትራቸውን መሬት ላይ አጋደሙና አስረዱኝ። "ሚስት ፊት ፊት ትሄዳለች። ባል ዕቃዋን ተሸክሞ ከኋላ ከኋላ ይለማመጣል። ኩርፊያ ካልሆነ ይሄ ምንድን ነው? ስንት ዓመት ጃርሱማ፣ ሽምግልና ተቀምጠን ባልና ሚስት ያስታረቅን ሰዎች ይቺን እናጣታለን?"

ሳቄ መጣ። ስለ ጫማዬ ሶል ላስረዳ አፌን ከፍቼ፣ አብራኝ እንድትስቅ ወደ እቴነሽ ዞርኩ። እቴነሽ ግን ሣሩ ላይ ተቀምጣ፣ ቀሚሷን በጉልበቷ ሰብስባ፣ እንደ ከሳሽ ተዘጋጅታለች።

"እሱ ይናገር አባቶቼ" አለች። "ኪሱ ውስጥ ያለውን ይናገር።"

የወጨጫ ብርድ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ኮቴን ስትቦርሽ ደብዳቤውን ያገኘችው በመጣልኝ በማግሥቱ ኖሯል። ሦስቱንም ሳምንት በየእራቱ አጠገቤ ተቀምጣ ስትጠብቀኝ፣ እኔ ስለ ፈረንጁ አፍንጫ አወራላት ነበር። ደብዳቤውን አውጥቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት።

"ጎሬ መሄዱ ነው የከፋሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?" አሏት ኦቦ ቱሉ።

"አይደለም። እሄዳለሁም አልሄድም ለማለት መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ እኮ ሚስቱ ነኝ፤ ከአንድ ገበታ እየበላን ወሬውን ከወረቀት ሰማሁት።" ድምፅዋ ተሰበረ። እኔም አፈርኩ፤ ከልቤ አፈርኩ።

ፍርዱ አጭር ነበር። አጥፊ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል። አንደኛው ሽማግሌ ድንጋይ ፍለጋ ሲነሡ ኦቦ ቱሉ ሻንጣዬን በአንድ እጃቸው ብድግ አደረጉና እቴነሽን አየት አደረጓት። "ተወው፤ እሱ የሚበቃውን ተሸክሟል" አሉ። ሻንጣውን ማጅራቴ ላይ አድርጌ ተንበረከክሁ፤ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። ከዚያም ከሦስት ሳምንት በፊት መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኳት።

"ተማሪዎቼን ሰኔ ላይ አስፈትኜ እመጣለሁ" አለች። "እስከዚያ ትጽፍልኛለህ። ስትጽፍ ግን ኪስህ ውስጥ አታስቀረው።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እርጥብ ሣር ነጭተው ለእርቅ ምልክት ለሁለታችንም አስያዙን፤ መርቀውም አሰናበቱን።

ወደ ላይ ስንወጣ ጉሙ ተገፈፈ። ሜዳው ሁሉ አደይ ለብሷል፤ ከሩቅ የገፈርሳ ውሃ ብልጭ ይላል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሲበሉ ያምራልና ምሳችንን እንብላ አልኩ። እቴነሽ ቁልፉን ሰጠችኝ። ሻንጣውን ከፈትኩ። የእሷ ቀሚሶች፣ የክት ነጠላዋ፣ የማስተማሪያ ወረቀቷ፣ የእናቷ ፎቶግራፍ። አንድ ቁራሽ ዳቦ የለም።

እሷ ከውሃው ወዲያ ወደ ቡራዩ በጣቷ አመለከተችኝ። "ፏፏቴው ጋ ብትነግረኝ አብሬህ ልመለስ፣ ባትነግረኝ በዚያ በኩል ወርጄ እህቴ ቤት ልገባ ነበር።"

"ስንቁስ?" አልኳት።

"እህቴ ቤት ምሳ አለ።"

እየራበን በመጣንበት በኩል ወደ ሰበታ ወረድን፤ ሻንጣውን እየተቀባበልን። ሐምሌ ላይ ጎሬ ድረስ መጣችልኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር ተዛውረናል፤ ሻንጣ የምታዘጋጀው ዛሬም እሷ ናት። ከማንሣቴ በፊት ምን እንዳለበት እጠይቃታለሁ፤ እሷም ቁልፉን ትወረውርልኛለች። እስካሁን በከፈትኩት ቁጥር የኔም ሸሚዝ አለበት።