ሽቦው የማያሳልፋት «ቱ»

የተሰጠውን ቃል እንደተሰጠው የሚያደርስ ሰው ተፈልጎም አይገኝ። በየሰፈሩ ያለው አሳማሪው ነው። «አልመጣም በለው» ብለህ ትልከዋለህ፤ እሱ ሄዶ «እግሩን አሞት ነው እንጂ ልቡስ እዚህ ነው» ብሎ ይመለሳል። በማግስቱ ጠያቂ ቤትህን ይሞላዋል፣ አንተም ሳትወድ ታነክሳለህ።

የዚህ ዓይነቱ ሰው አለቃ ወላይታ ሶዶ ላይ ነበር። ስሙ ጩማ ነው፣ ገበያው ግን «ክቡር ፊታውራሪ ጩማ» ይለዋል። ፊታውራሪ ያሰኘው ከሰው ሁሉ ቀድሞ መሄዱ ነው እንጂ፣ ከሁለት እግሩ በቀር የሚመራው ጦር አልነበረውም።

ጊዜው ጣሊያን ሊመጣ ጥቂት ዓመት ሲቀረው ነው። ጩማ የቀኛዝማች ሀብተጊዮርጊስ ገባር ነው። ሌላው ገባር የጌታውን ማሳ ያርሳል፣ እንጨት ይሸከማል፣ አጥር ያጥራል፤ ሚስቱም የጌታውን እህል ትፈጫለች። ጩማ ግን እግሩ ፈጣን፣ አማርኛም የሚችል ስለሆነ ከዚህ ሁሉ ወጥቶ መልእክተኛ ሆነ። ሥራው ቁልቁል ሁምቦ ወርዶ የቀኛዝማችን ቃል ለባላምባራስ ብሩ ማድረስ፣ መልሱንም ይዞ ሽቅብ መውጣት ነው። ባላምባራስ ያገቡት የቀኛዝማችን እህት ወይዘሮ ሳህሊቱን ነው።

አማርኛ ይችላል ይባል እንጂ የጩማ አማርኛ አንድ ጉድ ነበረው። ልጅ ሆኖ ቋንቋውን ሲለምድ አንዱን ወታደር «አንተ» ብሎ ጠርቶ ተገረፈ። ከዚያ ወዲያ ያቺን ቃል ከአፉ አወጣት። ለትልቁም ለትንሹም «አንቱ» ነው። ውሻ ሲጮህበት «አንቱ፣ ይተዉኝ» ይላል። አህያ ሲዘጋበት «አንቱ፣ መንገድ ይልቀቁ» ይላል። ሚስቱ አስካለች ጎዳሬ ስታሳርርበትም «አንቱ፣ አሳረሩት» ብሏታል እየተባለ ገበያው ይስቃል። ሰውዬው ቤቱ የሚናገረው ወላይትኛ አይደለም ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ወሬው ይጣፍጣላ።

መልእክቱም በዚሁ ልክ ነው። ባላምባራስ ከቀኛዝማች አንዲት በቅሎ ተውሰው አልመልስ ብለዋል። ቀኛዝማች ጩማን ይጠሩና «ያንን ሌባ በለው፣ በቅሎዬን ካልላከ ወርጄ ጆሮውን ይዤ አመጣዋለሁ» ይላሉ። ጩማ በዚያ የቆላ ፀሐይ ላቡን እያንጠፈጠፈ ይወርዳል፣ ጋቢውን ያደገድጋል፣ «ቀኛዝማች ጤናዎን ይላሉ» ብሎ ይጀምራል። «በቅሎዋ ናፍቃቸዋለች። አንቱም እንደዚሁ።»

ባላምባራስ ደግሞ «ሞቶም አያገኛት በለው» ይላሉ። ጩማ ሽቅብ ይወጣል። «ባላምባራስ ዕድሜዎን ያርዝመው ብለዋል። በቅሎዋ ትንሽ አሟት ነው፣ ሲሻላት እኔ ራሴ ስቤ አመጣታለሁ ብለዋል።»

በቅሎዋ በጩማ አፍ ስትታመም፣ ስትድን፣ እንደገና ስትታመም ዓመታት አለፉ። ሁለቱ ጌቶች ሳይተያዩ ተዋደዱ። አንዱ ሌላውን «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው» ይላል፤ ጨዋው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

በዚህ መሀል ስልክ መጣ። ስልከኛው ሰብስቤ ይባላል፣ ከአዲስ አበባ የተላከ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። ስልኩን ቀኛዝማች ግቢ በር ላይ ባለችው ቤት ተከለው። በሄደበት ሁሉ የሚላት አንዲት ነገር አለችው፤ «ስልክ ቃል አይጨምርም፣ ቃል አይቀንስም።» ጩማን ገበያ ላይ ሲያገኘው «ፊታውራሪ፣ እንግዲህ እግርዎን ያስቀምጡት» እያለ ያስቅበታል።

አንድ ቀን ጩማ ራሱ ሊያየው መጣ። ስልኩ ፊት ቆሞ እጅ ነሣ። «አንቱ፣ ደህና ዋሉ?» አለው። ስልኩ ዝም። ጩማ ትንሽ ጠበቀና ራሱን ነቀነቀ። «ሰላምታ አይመልስም። መልእክተኛ እንዲህ አይሆንም» አለ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ሰብስቤ ነው።

የስልኩ እንጨት ሁምቦ ሲደርስ ግን የግቢው አዛዥ ወልደመስቀል ጩማን ጠርቶ ነገሩን በአጭሩ ነገረው። ስልኩ ከጮኸበት ቀን ጀምሮ እሱ እንጨት ይሸከማል፣ አስካለችም ወፍጮ ቤት ትገባለች። ጩማ «እሺ ጌታዬ» አለ። ሰብስቤ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። የሽቦ ሰው ነውና አልገባውም፤ ወይም እንዲገባው አልፈለገም።

ስልኩ የሚጮህበት ቀን ደረሰ። ቀኛዝማች ካባቸውን ደርበው፣ ሰዉ በሩን ሞልቶ፣ ሰብስቤ እጀታውን አዞረ። ሁምቦ ላይ ባላምባራስ አነሡ። እንዲህ ያለ ነገር ይዘው አያውቁም፤ ዕቃው ውስጥ ሰው ሲተነፍስ ቢሰሙ ማንም እንደሚለው «ማነህ?» አሉ።

«እኔን ነው ማነህ?» አሉ ቀኛዝማች።

«አንተን ነዋ! ማነህ አንተ?»

አለቀ። ያን ሁሉ ዓመት አንቱ ሲባሉ የኖሩት ጌታ በሰው ፊት አንተ ተባሉ። አንተን በአንተ መለሱ። በቅሎዋ ተነሣች። ያልታመመችው በቅሎ፣ ያልተናፈቀችው በቅሎ፣ ሌባውም ጆሮውም አብሮ ተነሣ። መጨረሻ ላይ ባላምባራስ «እህትህን እሰድልሃለሁ፣ መንገድ ላይ ጠብቃት» ሲሉ ቀኛዝማች መነጋገሪያውን ወርውረው ጠመንጃ እንዲወለወል አዘዙ። ሰብስቤ የተወረወረውን አነሣ። እውነትም ስልኩ ቃል አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

በማግስቱ ሁምቦም ጠመንጃ እየተወለወለ ነው የሚል ወሬ መጣ። ቀኛዝማች የመጨረሻ ቃል መላክ ፈለጉ፣ ስልኩን ግን መንካት ተጸየፉ። ጩማ ከእንጨት ሸክሙ ተጠራ።

«እህቴን በደህና ይስጠኝ በለው። ከዚያ በኋላ በመካከላችን ያለው ደም ነው።»

ጩማ እንጨቱን አወረደ። «እሺ ጌታዬ» ብሎ ቁልቁል ሄደ።

ተመልሶ የመጣ ዕለት ቀኛዝማች ስልክ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ጩማ እጅ ነሥቶ አፉን ሳይከፍት ስልኩ ጮኸ። ሰብስቤ አነሣና ባላምባራስ ናቸው አለ። ቀኛዝማች እንደ እባብ እየተጠየፉ ተቀበሉት። ባላምባራስ ሲናገሩ ስለሚጮሁ ደጅ ያለው ሁሉ ሰማ።

«ወንድሜ፣ አንቱ ይቅር ይበሉኝ። ለካ ሽቦው ኖሯል።»

«ሽቦው ምን ሆነ?»

«ቀጭን ነዋ! ትልልቁ ቃል አያልፍበትም። እኔ አንቱ ብዬ ብልክ ‹ቱ› እዚሁ እየቀረች አንተ ሆኖ ይደርስዎታል። የአንቱም ወደኔ እንደዚያው። ጩማ ባይነግረኝ ደም ልንቃባ ነበር።»

ይህን ሲሉ ‹ቱ› ደጋግማ ጥርት ብላ አለፈች። ልብ ያላት ሰብስቤ ብቻ ነው።

ቀኛዝማች ጩማን ረጅም ጊዜ አዩት። ጩማ መሬት መሬት ያያል። ወልደመስቀል ጅራፉን ይዞ ቀረብ አለ። ቀኛዝማች ወደ ሰብስቤ ዞሩ።

«አንተ ስልከኛ፣ እውነት ይሄ ሽቦ ‹ቱ› አያሳልፍም?»

ሰብስቤ አፉን ከፈተ። ስልክ ቃል አይጨምርም፣ ቃል አይቀንስም፤ ነገሯ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። ዓይኑ ግን ጩማ ትከሻ ላይ አረፈ። እንጨቱ ልጦታል።

«አያሳልፍም፣ ጌታዬ» አለ፣ ጆሮው ቀልቶ። «ቀጭን ነው።»

«ታዲያ ‹ቱ› በምን ትሂድ?»

«በእግር ነው የምትሄደው።»

ቀኛዝማች ትንሽ አሰቡ። ከዚያ መነጋገሪያውን ወደ አፋቸው አስጠግተው «ወንድሜ፣ በቅሎዋ ተሻላት?» አሉ።

እንዲህ ተባለና ተቆረጠ። በስልክ በተነጋገሩ ቁጥር ጩማ ኋላ ኋላ ሁምቦ ወርዶ የቀረችውን ‹ቱ› ያደርሳል። አስካለችም ከወፍጮ ቤት ወጣች። የጩማን እንጨት ሶርሳ የሚባል ጎረቤቱ ተሸከመው፣ ወፍጮውም የሶርሳ ሚስት ሆነ፤ ለሶርሳ የሚሆን ቃል በሽቦም በእግርም አልመጣም። ሶዶ ግን አዲስ ዘዴ ተማረች። በስልክ የፈለገውን ሰድቦ ሲያበቃ «ሽቦው ነው» የማይል ጠፋ። መሳቂያው ሰብስቤ ሆነ። ከአዲስ አበባ ድረስ ጎዶሎ ሽቦ ጎትቶ የመጣ ስልከኛ ተባለ፣ ልጆች ባለፈ ባገደመ ቁጥር «ቱ!» ይሉት ጀመር። እሱም ጫማውን እየወለወለ ቻለው።

አንድ ጠዋት ጩማ ዱላውን ይዞ ወደ ሁምቦ ሲያልፍ ስልክ ቤቱ በር ላይ ጫማውን የሚወለውለው ሰብስቤ ዘንድ ቆመ። ግራ ቀኙን አየ። የሚሰማ ሌላ ሰው እንደሌለ ካረጋገጠ በኋላ ቃሏን ቀስ አድርጎ፣ ትገርፈኛለች ብሎ እንደሚፈራት ሁሉ አወጣት።

«አንተ፣ ደህና አደርህ?»

ሰብስቤን ከተወለደ ጀምሮ ሁሉም ሰው አንተ ሲለው ነው የኖረው። እንዲህ ሆና ግን ሰምቷት አያውቅም። ጨርቁን ጥሎ ብድግ ሲል ጩማ ቁልቁለቱን ጀምሮ ነበር። ከታች ውሻ ጮኸ፣ ወዲያው የጩማ ድምፅ ተከተለ።

«አንቱ፣ ይተዉኝ።»