ብቻቸውን መስማት የማይችሉት ዲን

አንባቢዬ፣ ምስጢር ብቻውን መስማት የማይችል ሰው ገጥሞህ ያውቃል? እኔ የእንዲህ ዓይነት ሰው ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሶሳ ላይ፣ ክልሉ ገና አዲስ ሳለ፣ የኮሌጃችን ዲን ምንም ቢነገራቸው «እስኪ ሰው ይጨመርበት» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት የበርታ ተማሪ ቢሯቸው ገብታ በሩን ዘጋች። እሳቸው መልሰው ከፈቱት፤ እኔም በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛዬ ሆኜ ሰማሁ።

«አንድ መምህር በግድ ያዘኝ» አለች። ከዚያ በኋላ አማርኛው አልመጣ አላት።

«ማንም በቋንቋው የመናገር መብት አለው» አሉ ዲኑ፣ ስብሰባ የሚከፍቱ ይመስል። የበርታ ቋንቋ የሚችለውን ብቸኛውን መምህራችንን አስጠሩ። ከዚህ የበለጠ ደግነት ከየት ይመጣል?

መምህሩ ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። እሷ ተነሣች።

«ንገሪው እንጂ ልጄ» አሉ ዲኑ።

«ምንም የለም። ተውኩት» አለች፣ በአማርኛ።

«ይኸው፣ አማርኛ ትችያለሽ» አሉ ደስ ብሏቸው።

ተከትያት ወጣሁ። ግቢው በተማሪ ተሞልቶ፣ እሷ ማንጎው ሥር ብቻዋን ተቀምጣለች። ምንም ሳልጠይቅ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «የጠሩት መምህር፣ እሱ ነው» አለችኝ።

ዲኑ በመስኮት አዩን።

«ምነው ብቻችሁን?» አሉ። «ሰው ልላክላችሁ?»