ታምቡር ነው፣ ከበሮ አይደለም

የማርሽ ባንድ ሲያልፍ ከሙዚቃው ይልቅ የመሣሪያው ስም የሚያንገበግበው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ቡታጅራ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሰዎች ሁለት ነበርን፤ አንዱ የበርበሬ ነጋዴው አቶ ወልዴ፣ ሌላው መምህሩ እኔ። እሳቸው ቆዳ ለብሶ የሚመታ ሁሉ ከበሮ ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ ከበሮ በእጅ የሚመታው የቤተ ክርስቲያኑ ነው፣ በዱላ የሚመታው ታምቡር ነው እላለሁ፤ እስክሞትም አልለቅም። በዚህ የተነሳ ሦስት ዓመት ተኮራርፈናል። ታዲያ ይሄ የሚታለፍ ነገር ነው?

በዘውድ በዓል ዕለት ከአዲስ አበባ የወታደር ባንድ መጣ። ሰልፉ እንዳበቃ ሁለታችንም በየፊናችን ሮጠን ትልቁን ታምቡር የተሸከመውን ወታደር ከበብነው። ላቡን እየጠረገ ነበር።

«ወንድሜ፣ እባክህ ዳኘን» አልኩት። «ይሄ ምን ይባላል?»

«እኔ እንጃ ጌታዬ» አለ ከትከሻው እያወረደው። «ሃያ ዓመት መትቼዋለሁ፤ እኛ ‹ዕቃው› ነው የምንለው።»

ከአቶ ወልዴ ጋር ተያየን። ከሦስት ዓመት በኋላ መጀመሪያ የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

«ምስኪን፣ አያውቅም መምህር» አሉኝ።

«ምን ያድርግ» አልኳቸው፣ «መምታት ብቻ ነው ያስተማሩት።»