እባቡ ሲሞቀው

ሌላው ሲደነግጥ ማስረዳት የሚጀምር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ከእባብ ይልቅ እንዲህ ያለውን ሰው እፈራለሁ። ከፍኖተ ሰላም ተዛውሮ ፈረስ ቤት ከተማ ከእኔ ጋር ቤት የተከራየው የባዮሎጂ መምህር አንዱ ነው።

ውርጭ የጣለበት አንድ ጠዋት፣ አከራያችን አያ ተገኘ ይዘውልን ከመጡት ማገዶ ውስጥ የደነዘዘ እባብ ከምድጃው አጠገብ ዱብ አለ። እኔ መደብ ላይ ወጣሁ። ጓደኛዬ ከበርጩማው ሳይነሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የሞተ መስሏችሁ ነው? ቅቤ በብርድ ይረጋል፤ የኑግ ዘይት ግን አይረጋም። ብርድ ሲመጣ የእባብም ሕዋሳት ሽፋናቸው ላይ ያለውን ስብ እንደ ኑጉ እንዳይረጋ አድርገው ይለውጡታል። ስለዚህ ይደነዝዛል እንጂ ሕዋሱ አይጎዳም።»

«ሲሞቀውስ፣ መምህር?» አሉ አያ ተገኘ፣ በዓይናቸው ዱላ እየፈለጉ።

«ሲሞቀውማ ይንቀሳቀሳል» አለ፣ ጎበዝ ተማሪ እንዳገኘ ሁሉ ደስ ብሎት።

እባቡ አንገቱን ቀና አደረገ።

እኔ ደጅ መድረሴን እንጂ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ጓደኛዬ ግን አፉን እንደከፈተ በርጩማው ላይ ቀረ። አያ ተገኘ «ኧረ ይውጡ፣ መምህር» እያሉ በጋቢው ጎትተው አወጡት።

እሳት አጠገብ ተቀምጦ ረግቷል። ለካስ ቅቤው እሱ ኖሯል።