«ትንሽ ያገለገለ» ሞተር መጋዝ

ውድ አንባቢ፣ በኢንተርኔት «ትንሽ ያገለገለ» እያለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔ ከሞጣው ሻጭ ጋር ተገናኝቻለሁ። ቢቸና ያለው ቤቴ ላይ አንድ ባሕር ዛፍ ስላዘመመብኝ፣ ሰውየው ያስተዋወቀውን ሞተር መጋዝ ልገዛ በጠዋት አውቶቡስ ሞጣ ድረስ ሄድኩ። የማስነሻ ገመዱን ብስብ፣ ብስብ፣ ትከሻዬ ሊገነጠል ደረሰ እንጂ መጋዙ ትንፍሽ አላለም።

ባለቤቱ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ጋሼ፣ የሞጣ ብርድ ይዞት ነው፤ ቢቸና ሲገባ ይነሳል» አለኝ።

«ታዲያ ጸበል ላስጠምቀው እንዴ?» ብዬ ጮኼበት ባዶ እጄን ተመለስኩ።

በማግስቱ ዛፉን የምቆርጥበትን መጥረቢያ ስዬ ስጨርስ ያንኑ ማስታወቂያ ብከፍት ደሜ ፈላ። ሰውየው አንድ መስመር ጨምሮበታል፦ «ከቢቸና ድረስ ሰው እየመጣ የሚያየው!»