የአማቼን ክንድ ከሰው ዓይን ላድን ብዬ

እናንተዬ፣ ዛሬ በገዛ አፌ የሠራሁትን ጉድ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ላስ ቬጋስ፣ ዊንቸስተር ሰፈር፣ አፓርታማችን ፓርኪንግ ውስጥ፣ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ቤት ለመግባት ፈርቼ።

ብዙ አልተማርኩም፣ የፊደል ስሕተቴን እለፉልኝ። ከዛሬው ስሕተቴ አይብስም።

የልጄ የምሕረት ባል ናዲም ፓኪስታናዊ ነው፣ እኔን "አንቲ" (አክስቴ) የሚለኝ፣ ክሪኬት ተጫዋች። ሮጦ መጥቶ ኳሷን ዱላ ለያዘው ሰውዬ ይወረውራል፣ ሰውዬው ከሳተ ናዲም ጎበዝ ነው። እኔ የገባኝ ይኸው ነው፣ ሌላ አትጠይቁኝ።

አወራወሩ ግን የጤና አይመስልም። ሸሚዙ ውስጥ ንብ የገባበት ሰው አይታችኋል? እንደዚያ ነው። ክንዱ በጎኑ እንደ ወንጭፍ ይዞርና ኳሷ ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ ታልፋለች።

አገሩ ትልቅ ቡድን ገብቶ ነበር። አሠልጣኞቹ "እንደ ሰው ወርውር" ብለው ክንዱን አስተካከሉለት። ክንዱ ተስተካከለ፣ መወርወሩ ጠፋ። አባረሩት።

እዚህ መጥቶ ኖርዝ ላስ ቬጋስ ዌርሀውስ ውስጥ ካርቶን ያነሳል። እሑድ እሑድ ግን ፓርክ ሄዶ በዚያው በጠማማው ሲወረውር ሲወረውር የድሮው ክንዱ ተመለሰለት።

ዛሬ ከቴክሳስ ሰው መጣ። ደመወዝ ለሚከፍል ቡድን ተጫዋች የሚመርጥ። ናዲም ዕድሜው ገፍቷል፣ ይቺ የመጨረሻ ዕድሉ ናት። ምሕረት ሥራ ነበራት፤ "እማ፣ አንቺ ሂጂለት፣ ብቻውን አይሁን" አለችኝ።

ሺፍቴን ለውጬ ሄድኩ። ምነው እግሬን በሰበረው።

ናዲም ወረወረ። ዱላ የያዘው አንዱ ሳተ። ሁለተኛውም ሳተ። ሦስተኛው ዱላው ተበስቶ እንደሆነ ገልብጦ አየው።

መራጩ አጠገቤ ቆሟል። "ዋው" አለ። "በሕይወቴ እንዲህ ያለ ክንድ አላየሁም። ልጅሽ ነው?"

ዓይኑን ከክንዱ ላይ አይነቅልም። "ከዓይን ያውጣው" አይል፣ እንትፍ እንትፍ አይል፣ ዝም ብሎ ያደንቃል።

እኛ ጋ ሰው ልጅሽን ሲያደንቅብሽ ምን ታደርጊያለሽ? ታጣጥዪዋለሽ። ወፍራሙን "ኧረ እህል አይቀምስም"፣ ጎበዙን "ኧረ ደደብ ነው" ትያለሽ። እኔም እንዲሁ ነው ያደግሁት።

በምችላት እንግሊዝኛ "ኖ፣ ኖ" አልኩት። "ክንዱ ጥሩ አይደለም። ሌሊት ሌሊት ያመዋል። የሩዝ ከረጢት እንኳን አያነሳም።"

ፈገግታው ጠፋ። "ከተጎዳ ቆየ?"

እዚህ ጋ ዝም ማለት እችል ነበር።

"ቆየ" አልኩት። "ዶክተሩም ተስፋ ቆርጧል።"

ናዲምን ጠራው። ከሩቅ አያቸዋለሁ፤ ናዲም ክንዱን እያወዛወዘ ያሳያል፣ ሰውዬው ትከሻውን መታ መታ እያደረገ ራሱን ይነቀንቃል። በመጨረሻ አብሮት የተፈተነ ሌላ ልጅ መረጠ። ቀጥ አድርጎ የሚወረውር።

ሮጬ መኪናው ጋ ደረስኩበት። "ዋሽቼህ ነው፣ ክንዱ ደህና ነው!"

"ሁሉም እናት እንዲህ ትላለች" ብሎኝ በሩን ዘጋ።

ስንመለስ ናዲም አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "አንቲ፣ ለምን?" ብቻ አለ። የሰው ዓይን ፈርቼ እንደሆነ ነገርኩት።

ከዚያ "እናቴም ለጨዋታ ስወጣ ግንባሬን ጥላሸት ትቀባኝ ነበር" አለኝ። "እሷ ግን ዝም ብላ ነው የምትቀባው።"

እሱ ገባ፣ እኔ እዚሁ ቀረሁ።

ምሕረት ስልክ አታነሳም። ከሥራ ቴክስት ብቻ ላከች፦ "ናዲም ነገ ኦቨርታይም ጠይቋል። ምሳውን ቋጥሪለት።"

እቋጥርለታለሁ። ሌላ ምን እሆናለሁ?

ኮመንት ላይ "አይዞሽ" እንዳትሉኝ። ይልቅ ይቺን መልሱልኝ፦ የሰው ዓይን ቢያገኘው ኖሮ፣ ከእኔ አፍ የባሰ ምን ያደርገው ነበር?