ኦሬሊየን የእናቱን ድስት ለማስቀረት በተርኪ አጥንት ጋምቦ የሠራበት ዜና

ከትልቁ አውሎ ነፋስ በኋላ በአራተኛው ዓመት፣ የቤቱ ጣሪያ ሰማያዊ ሸራ ለብሶ መኖሩ ባበቃ በሁለተኛው፣ በወርኃ ኅዳር፣ በምስጋና ቀን ማግስት፣ ዓርብ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ መዋዔ ሞተር፣ የጀልባ ሁሉ ሐኪም፣ የሉዊዚያና ረግረግ ጌታ ኦሬሊየን ሶንየ በግራ እጁ የእናቱን የብረት ድስት ጆሮ እንደያዘ፣ በቀኙ ማማሰያውን እያዞረ፣ ሃያ ስድስት ደቂቃ ሙሉ ዓይኑን ሳይነቅል ቆሞ ነበር።

ድስቱ ውስጥ ያለው ሩ ነው፤ ጋምቦ ለሚሉት የአገሩ ወጥ መሠረት፣ ዱቄት በዘይት፣ ሌላ ምንም የለውም። ግን በዚያ አገር ሩ የጀመረ ሰው ስልክ አያነሳም፣ በር አይከፍትም፣ አፍንጫውን ቢበላው እንኳ በትከሻው ነው የሚያከው። ሩ መጀመሪያ አሸዋ፣ ቀጥሎ ኦቾሎኒ፣ በመጨረሻ ቸኮሌት መምሰል አለበት። ለአፍታ ከተዘናጉበት ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፤ ያኔ አለቀለት፣ ይደፋል፣ ጋምቦም የለም።

ይህ ሁሉ የመጣው በአንድ አዋጅ ነው። እናቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ድስቱም የታላቅ ነውና ከእህቱ ከቬርና ዘንድ ነበር። ቬርና ግን ባሏን ድዋይትን ተከትላ፣ ጓዟን ጠቅልላ እሁድ ቴክሳስ ልትገባ ነው። ኦሬሊየን ደግሞ እናቱ በሕይወት ሳለች ጎርፍ በመጣ ጊዜ ቴሌቪዥኑን ለውኃው ትቶ፣ ለዚያ ድስት የመኪና ቀበቶ አስሮለት የሸሸ ሰው ነው። እናም ትናንት ተርኪው፣ ያ ትልቅ የበዓል ዶሮ፣ ተበልቶ አጥንቱና ትርፍራፊ ሥጋው ብቻ በቀረ ጊዜ፣ የእናቱ እህት አክስት ኤልሚር፣ የሰማንያ አራት ዓመት ባለጸጋ፣ የቤተ ሶንየ ምላስ ጠባቂ፣ ጠረጴዛውን በማማሰያ ሦስት ጊዜ መትተው እንዲህ አስነገሩ፦

«ስማ! ያልሰማህ ስማ! ቬርና ስድስት ዓመት ሞከረች። አይክፋሽ ልጄ፣ ያንቺ ጋምቦ የካልሲ እጣቢ ነው። ነገ ኦሬሊየን ይሞክር። እንደ እናቱ ከሠራ ድስቱ እዚሁ ይቀራል። ካቃተው ድስቱ ቴክሳስ ይሂድና ድዋይት ባቄላ ይቀቅልበት!»

ከኦሬሊየን ጋር የዘመቱትም እነዚህ ናቸው፦ ሚስቱ ኮራ፣ ዐቃቢተ መረቅ፣ አጥንቱን ከንጋት ጀምራ ስትቀቅል የነበረች፤ ሽንኩርት፣ ሰለሪና ቃሪያ፣ በአገሩ ሰው አፍ ሥላሴ የሚባሉት፣ በየሣህናቸው ተከትፈው፤ ሁለት ክንድ የሚሆን በጭስ የደረቀ ቋሊማ፤ ጋምቦው ውስጥ ለመግባት ተራውን የሚጠብቅ የድንች ሰላጣ፤ በደጅ በተጣጣፊ ወንበር የሰፈሩ ሦስት አጎቶች፣ ቢራ በእጃቸው፣ ምክር በአፋቸው፤ እንዲሁም ማንም ያልጠራው የጎረቤት ውሻ።

ሩው ከኦቾሎኒ ወደ ቸኮሌት ሊሻገር ትንሽ ሲቀረው ድዋይት ወጥ ቤት ገባ፤ በእጁም የቲማቲም ጣሳ ነበረ። በቅንነትም እንዲህ ሲል አወጀ፦

«አማቼ፣ ይቺን ጠብ ብናደርግባትስ? ቀለም ትሰጠዋለች እኮ!»

ወሶበ ሰምዑ ዘንተ፣ ማለት ይህን በሰሙ ጊዜ፣ ደጅ ያሉት አጎቶች ቢራቸውን ከአፋቸው አወረዱ። ቲማቲም! በጋምቦ! ኦሬሊየንም ሳያስበው ዞረና የጦር አዋጁን አሰማ፦

«ድዋይት! ያቺን ጣሳ ይዘህ አንድ እርምጃ ብትጠጋ፣ እህቴ በዚህ ዕድሜዋ ባል ፍለጋ ትወጣለች!»

ድዋይት ጣሳውን ይዞ ሸሸ፤ ድሉም ፍጹም ነበር። ሽታው የመጣው ከድሉ በኋላ ነው። ኦሬሊየን ወደ ድስቱ ሲመለስ ጥቁር ነጠብጣቡ እንደ ቁንጫ ተበትኗል። ወሶበ ርእየ ዘንተ ደንገፀ፤ ይህን አይቶ ደነገጠ። የተረፈው ዱቄት ይኸው ብቻ ነበር፤ ሌላው ትናንት ለኬኩ አልቋል። አክስት ኤልሚር ደግሞ በሚቀጥለው ክፍል መቁጠሪያቸውን ይዘው እየጸለዩ ነው፤ ድምፃቸው ከመቁጠሪያው ጸሎት አምስት ምሥጢራት አራተኛው ላይ ደርሷል፣ አምስተኛውን ሲጨርሱ ይገባሉ። ኦሬሊየን ድስቱን አየው። እሁድ በድዋይት መኪና ኋላ፣ በብርድ ልብስና በመብራት መቆሚያ መካከል ተወሽቆ ሲሄድ ታየው።

ያን ጊዜ ኮራ በሩን በተረከዟ ገፍታ ዘጋች፤ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ ከሳሙናዎቹ ኋላ፣ አንድ ብልቃጥ አወጣች። ተሠርቶ ከሱቅ የሚሸጥ ሩ ነበር። አዋጇም በሹክሹክታ ሆነ፦

«አንተ ሰውዬ፣ እንደዚህ አትየኝ! ሥራ ውዬ ስመጣ ማን አርባ ደቂቃ ያማስልልኛል? በል ክፈተው፣ አምስተኛው ተጀምሯል!»

ከፈተው። የተቃጠለው ተደፋ፣ ድስቱ ተወለወለ፣ ከብልቃጡ አምስት ሙሉ ማንኪያ ገባ። ሽንኩርቱ ሲንጫጫ ሰለሪው ተከተለ፣ ቃሪያው ተከተለ፣ ቋሊማው፣ መረቁ፣ የተርኪው ሥጋ በየሰልፉ ተከተለ። አክስት ኤልሚር «አሜን» ብለው ሲገቡ ኦሬሊየን ግንባሩን እየጠረገ ያማስል ነበር፤ ላቡም እውነተኛ ላብ ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ ጋምቦው በሩዝ ላይ ፈሰሰ። አክስት ኤልሚር አንድ ማንኪያ ቀመሱ። ሁለተኛውን ቀመሱ፤ መነጽራቸውን አወለቁ። እንባቸው እየወረደ የመጨረሻውን አዋጅ አስነገሩ፦

«ይህ የእህቴ እጅ ነው! እሷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያለ ቀምሼ አላውቅም። ልክ ይሄው ነበር፣ አንድም አልጎደለው! ድስቱ ይቀራል!»

ልክ ይሄው? ኦሬሊየን ማንኪያው አፉ ላይ ቀረ። እናቱ ሩ ስትሠራ ሁልጊዜ፣ ዛሬ ኮራ እንዳደረገችው፣ የወጥ ቤቱን በር ትዘጋ እንደነበር ትዝ አለው።

አጎቶቹ ግን ምስጋናውን ጀምረውት ነበር፦ ኦሬሊየን መዋዒ! ዘአድኀነ ድስተ እሙ፣ የእናቱን ድስት ያዳነ! ቲማቲምን ያሳደደ፣ ቴክሳስን ባዶ እጇን የሰደደ፣ አጥንትን ወደ ክብር የመለሰ! ውሻው ሳይቀር ጮኸ።

ቬርናም ተነሣች። ድስቱን በሁለት እጇ አንሥታ ወንድሟ ፊት አስቀመጠችው። አልተቆጣችም፤ ዓይኗ ግን ቀልቶ ነበር። እንዲህም አለች፦

«ወንድምዬ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ እጄ እስኪያብጥ አማሰልኩ። እማዬ ለእኔ ሳታሳየኝ ሞተች ብዬ ስንቴ አለቀስኩ መሰለህ። ውሰደው፣ ይገባሃል። ግን ከመሄዴ በፊት እንዴት እንዳደረግኸው ንገረኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ማንኪያ ሁሉ ቆመ። አክስት ኤልሚር እንባቸውን እየጠረጉ ይጠብቃሉ፤ ኮራ የድንች ሰላጣውን ታያለች። የረግረጉ ጌታ፣ የድስቱ ታዳጊ፣ ኦሬሊየን ሶንየ አፉን ከፈተ። እስቲ በሉ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?